በዐቢይ ጾም የተገዛ በረዶ

እኔ ቆሜ የማልም ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «ይህ ሰውዬ ምን ነካው?» እንዳትሉኝ ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ሱግ በሚሉት ገበያ ውስጥ፣ ከሰሊጥ ነጋዴዎቹ ጀርባ፣ አንዲት አሮጌ መኪና ይዤ ጀለቢያ እሰፋለሁ። እግሬ መርገጫውን ሲረግጥ ልቤ ወደ ፈለገው ይሄዳል፤ እኔም አልከለክለውም። አንድ ጊዜ የአንድ የመፋዛ ገበሬ ጀለቢያ ስሰፋ ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ሁለቱንም እጅጌ ጫፉ ላይ ደፍኜ አስረከብኩት። ሰውዬው እጁን ሰድዶ ሰድዶ መውጫ ሲያጣ በትዕግሥት አየኝና «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እጄን የት ልተወው?» አለኝ።

የማልመው ደግሞ ሁልጊዜ ብርድ ነው። ያደግሁት ደባርቅ ነው። እዚያ ጠዋት ሜዳው በአመዳይ ይነጣል፤ ሰው ሲናገር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። ገዳሪፍ ግን በመጋቢት ቀትር ላይ አየሩ ራሱ ደክሞት ይተኛል። ዶሮዎቹ ዚር በሚሉት የውሃ ጋን ሥር ክንፋቸውን ዘርግተው ያለከልካሉ፣ አህያ ጥላ ሲያጣ ሌላ አህያ ይጠለላል፣ ሰው «ይሞቃል» ለማለት እንኳ አፉን መክፈት ይሰንፋል። በዚያ ሰዓት እኔ መኪናዬ ላይ ዐይኔን ገርበብ አድርጌ የደባርቅን ጉም አያለሁ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው «ሚስትህን በብርድ ትረዳታለህ» ቢሉት ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ያብዳል። እኔም አበድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ትርንጎ ሹሩባ ሠሪ ናት። ገዳሪፍ ካለነው የጎንደር ወገን ሰዎች መካከል እጇ ላይ ያላለፈች ሴት አለች ለማለት ያስቸግራል፤ ለሰርግ ከሾዋክና ከኒው ሀልፋ ድረስ መጥተው ይወስዷታል። እሷ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች፣ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ ከዚያ ሐኪሙ ኬሞ የሚሉትን መድኃኒት አዘዘላት። ይህ ሁሉ ሲነገራት ሽንኩርት ተወደደ የተባለች ያህል እንኳ አልደነገጠችም። ሐኪሙ «ፀጉርሽ ይረግፋል» ሲላት ግን የወንበሩን ጠርዝ ያዘች።

እኔ ስለ መልኳ የተጨነቀች መስሎኝ፣ ያለ ፀጉርም ቆንጆ እንደምትሆን መንገዱን ሙሉ ስነግራት መጣሁ። ቤት ስንደርስ ቆም አለች።

«አንተ ሰው፣ መልኬን ማን አነሣብህ?» አለችኝ። «ራሴን ተመልጬ የታየሁ ቀን ‹ማን ሞተብሽ?› ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ‹እኔው› ልበል? ሲያውቁ ደግሞ ማልቀስ ይጀምራሉ። እኔ በቁሜ እንዲለቀስልኝ አልፈልግም።»

እውነቷን ነው። በእኛ ወገን ሴት ፀጉሯን የምትቆርጠው ሐዘን ሲደርስባት ነው። ትርንጎ ደግሞ ለሰርግ የጎነጎነችውን ያህል ለሐዘን የስንቱን ሹሩባ ፈትታለች፤ ሰው አንዴ «ምስኪን» ከተባለ ያ ስም ከቀሚሱ ቀድሞ ደጅ እንደሚወጣ ታውቃለች። ስለዚህ ሕመሟን ከእኔ በቀር ማንም እንዳያውቅ አደረገች። ሆስፒታል ስንሄድ መንገድ ላይ ሰው ካገኘን «ለጨጓራ ነው» እንላለን። ጨጓራ ደግ በሽታ ነው፤ ሁሉም አለበት፣ ማንም አያለቅስለትም።

መድኃኒቱን የምትሰጠው ሲስተር ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላት ሱዳናዊት ናት። የትርንጎን ጭንቀት አይታ፣ ከዚህ በፊት በሠራችበት ቦታ ለታማሚዎች ቀዝቃዛ ቆብ ሲያደርጉላቸው ማየቷን ነገረችን። መድኃኒቱ በጉሉኮስ ከመግባቱ በፊት ራስን ማቀዝቀዝ፣ ሲገባም እንደቀዘቀዘ ማቆየት፣ ካለቀም በኋላ ጥቂት መታገሥ ነው። የራስ ቆዳው የደም ሥር በብርድ ይጠብና መድኃኒቱ ወደ ፀጉሩ ሥር እንደ ልቡ አይደርስም። ለሁሉም ሰው እንደማይሠራና እዚህ ደግሞ መሣሪያው እንደሌለ ነገረችን። ሐኪሙን ብንጠይቀው በረዶው ቆዳዋን እንዳይነካ አጥብቆ አስጠንቅቆ፣ «ሞክሩ፣ ኢንሻአላህ» አለን።

መሣሪያው የለም ያለችው ለልብስ ሰፊ መሆኑን አላወቀችም።

መጀመሪያ የተፈጨ በረዶ ፌስታል ውስጥ አድርጌ በፎጣ ላይ በነጠላ ጠመጠምኩላት። ውሃው በጆሮዋ ገብቶ በአንገቷ ወረደ፤ ትርንጎ ዝናብ የመታት ዶሮ መስላ ዐይን ዐይኔን ታየኛለች። ቀጥዬ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ቆብ ሰፋሁ። እሱ ሲጠለቅ ግንባሯም ዐይኗም አፍንጫዋም ገብተው ድምጿ ብቻ ከውስጥ ይመጣ ጀመር። «እዚህ ውስጥ መሽቷል» የሚል ድምፅ።

ከዚያ «በሰው ላይ ከመሞከር በራስ» ብዬ ሦስተኛውን ሱቄ ውስጥ ራሴ ላይ አደረግሁት። ውጭ ምድር ይቃጠላል፣ ራሴ ላይ ግን ደባርቅ ነው። እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ። ልብሱ የዘገየበት አንድ ደንበኛዬ ቀሰቀሰኝ። ግንባሬ ደንዝዞ ቅንድቤ አልነሣ አለኝ፤ ልሥቅለት ብል ጉንጬ አልታዘዝ አለ። ሊቆጣኝ የመጣው ሰውዬ ፊቴን ሲያይ እኔ የተቆጣሁ መስሎት፣ ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። እኔም ውስጡ ሌላ የጥጥ ገበር ያስፈልገዋል ብዬ ደመደምኩ።

አራተኛው ተሳካ። ነጭ የጀለቢያ ጨርቅ ሆኖ እንደ ብርድ ልብስ የተሰፋ፣ የበረዶ ፌስታል የሚከተትባቸው ኪሶች ያሉት፣ ጆሮ ላይ ወርዶ አገጭ ሥር የሚታሰር ቆብ ነው። ሲስተሯ አገላብጣ አየችውና «ታማም፣ ጥሩ ነው» አለች። የመጀመሪያው መድኃኒት ገባ፤ ፀጉሯ ቆመ። የሚቀጥለውም ገባ፤ ማበጠሪያው ላይ ከወትሮው ጥቂት በለጥ ያለ ፀጉር መጣ እንጂ፣ ፀጉሯ ቆመ። ትርንጎ ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት ተቀምጣ በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ ሳብ ታደርገዋለች፤ ያልተነቀለላት ቀን ዘፈን ታንጎራጉራለች። እኔም በዚያ ዘፈን ተኝቼ ሌላ ሕልም አያለሁ።

ችግሩ በረዶው ነበር። መብራቱ መጥቶ የሚሄደው በራሱ ፈቃድ ስለሆነ የእኛ ፍሪጅ ከቁም ሣጥን አይለይም። ቁራሽ በረዶ ቢገዙ ቤት ሳይደርስ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ዋዜማ ማታ ማታ፣ ከበረዶ መጋዘኑ ሣጥን የሚያህለውን ሙሉውን በረዶ ገዝቼ፣ በጆንያና በሰጋቱራ ጠቅልዬ፣ በካሮ አስጭኜ አመጣለሁ። ካሮው በአህያ እየተጎተተ ሲሄድ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ጆንያው በተቀደደበት በኩል የማታዋ ፀሐይ በረዶው ውስጥ ገብታ ቀይ ትሆናለች። አንዳንዴ እጄን ጣል አድርጌበት እንደ ተኛ ሰው በዝግታ እራመዳለሁ።

አሁን ደግሞ ከጎረቤት ዐይን እዩን። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው፤ በጾም ሰርግ የለም። ሰርግ ከሌለ ደግሞ በዚህ ከተማ ሙሉ በረዶ በካሮ ወደ ቤት የሚገባው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለለቅሶ ቤት እንግዳ ውሃ ማቀዝቀዣ። በረዶውን የሚያስጭነው ሰው አንገቱን ደፍቶ እጁን በረዶው ላይ ጭኖ ይሄዳል። ሱቁን ዘግቷል። ከሩጫው የተነሣ ፂሙን ሳይላጭ ሰንብቷል፤ በእኛ አገር ፂሙን የሚያሳድግ ሐዘንተኛ ነው። ሚስቱ ራሷን ጥብቅ አድርጋ ጠምጥማ፣ ሹሩባ መሥራት ትታ፣ ዐይኗ ቀልቶ ትታያለች። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? እኔ ራሴ ብሆን ነጠላዬን አዘቅዝቄ እመጣ ነበር።

እነሱም መጡ። የመድኃኒቱ ቀን ማለዳ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በረዶውን ልፈልጥ መዶሻ ይዤ በሩን ስከፍት ግቢው በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ በግድግዳው ሥር፣ ሴቶቹ በዚሩ በኩል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ አያሌው አሉ። ሙሾ በማውረድ የታወቁት እትዬ ዝማም አሉ። ሱዳናዊው ጎረቤታችን ሀጅ ኢድሪስም መቁጠሪያቸውን ይዘው መጥተዋል። ሕልም መስሎኝ በሩን መልሼ ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። አሉ።

እናንተ «ምነው አልጠየቅህም?» ትሉኛላችሁ። በእኛ ዘንድ እኮ መርዶ የሚረዳው እንደዚህ ነው። ዘመድህ ሩቅ አገር ሲሞት ለብቻህ አይነገርህም፤ ሰፈሩ ተማክሮ፣ በማለዳ ተሰብስቦ ይመጣና ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያንን ዝምታ የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም። እኔም መዶሻዬን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እነሱ ደግሞ እኔ ሐዘኔን እስክናገር ይጠብቃሉ። እኔ የሞተብኝን እስኪነግሩኝ እጠብቃለሁ፤ እነሱ የሞተብኝን እስክነግራቸው ይጠብቃሉ።

እርግቦቹ ጣራ ላይ ያጉተመትማሉ። አየሩ ገና ለስላሳ ነው፣ ብርሃኑ ወተት መስሎ በሰዉ ነጠላ ላይ ይፈስሳል፤ ሁሉም ነገር ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ከጓሮ ጥግ፣ አሮጌው አንገረብ አልጋ ላይ ካስተኛሁት በረዶ፣ «ጠብ… ጠብ…» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። የትርንጎ ፀጉር እየፈሰሰ ነው። ልነሣ እላለሁ፤ ግን ከመርዶ ማን ይነሣል? ሀጅ ኢድሪስ እጃቸውን ዘርግተው «አልፋትሃ» አሉ። ሁላችንም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እጃችንን ዘረጋን። እኔም ዘረጋሁ፤ ለማን እንደሆነ ባላውቅም።

በመጨረሻ ጋሽ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ። የማይቀር መንገድ ነው» አሉኝ።

በቃ፣ እናቴ ናት። አገር ቤት ጦርነት ሆኖ ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ እዚያ ያለችኝ ደግሞ እሷ ብቻ ናት። «እናቴን» አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ወዲያው «ለካ እናቱ ናቸው» የሚል ሹክሹክታ በግድግዳው ሥር ዞረ። ሰዉ እፎይ ያለ ይመስላል፤ ማን እንደሞተ ሳያውቁ ማልቀስ ከባድ ነው። እትዬ ዝማም ተነሥተው፣ አይተዋት የማያውቋትን እናቴን እያወደሱ ሙሾ አወረዱ። እንዴት ያለች ሴት ነበረች መሰላችሁ። እኔ ራሴ ብዙ ነገር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ትርንጎ ይህን ስትሰማ ከቤት ሮጣ ወጣች። የአማቷን ሞት ሰምታ «እማማ! እማማ!» እያለች፣ ለሆስፒታል እየተዘጋጀች ስለነበር ነጩን ቆብ ራሷ ላይ እንዳሰረች ነው። ጥቂት አብራን አለቀሰች። ከዚያ እንደ ልማዷ ቀድማ ነቃች።

«ማን ነው የነገራችሁ?» ብላ ጋሽ አያሌውን ጠየቀች።

«ባልሽ ነዋ» አሉ ጋሽ አያሌው።

ወደ እኔ ዞረች። «አንተንስ ማን ነገረህ?»

«እነሱ» አልኳት።

እትዬ ዝማም ሙሾውን መሐል ላይ ይዘውት ቀሩ። ጋሽ አያሌው ግን የእድር ሰብሳቢ ናቸው፤ ነገር ሳይጣራ አይነሡም። ካሰቡ በኋላ ቀስ ብለው፣ «ታዲያ በረዶው ለማን ነው?» አሉ።

ሁሉም ትርንጎን አየ፤ ቆቡን አየ። እኔ «ለጨጓራ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ አላስጨረሰችኝም። ከጓሮ የሚመጣውን «ጠብ… ጠብ…» ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች፤ ከዚያ ቀና አለች።

«የእኔ ነው» አለች። «ካንሰር አለብኝ። ዛሬ መድኃኒት አለኝ፤ ፀጉሬ እንዳይረግፍ ራሴን በበረዶ አቀዘቅዛለሁ። ማልቀሳችሁ ካልቀረ ቆይታችሁ አልቅሱ፤ አሁን ግን በረዶዬ እየቀለጠ ነው።»

ለቅሶ የለመደ ሰው አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ሥራ መከፋፈል ያውቃል። ማንም አላለቀሰም። ጋሽ አያሌው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መዶሻውን ከእጄ ወሰዱ። ሴቶቹ የተፈለጠውን በዘነዘና እየደቆሱ ፌስታል ሞሉ። ሀጅ ኢድሪስ የጎደለውን ለመሙላት ከቤታቸው በማቀዝቀዣ ሣጥን በረዶ አመጡ። እኔ መሐል ቆሜ እናቴ አለመሞቷን ቀስ በቀስ እየተደሰትኩበት ነበር። ከሰነበተ በኋላ ስልኩ ሠርቶ አገኘኋት፤ ደህና ናት። ሙሾ እንደወረደላት አልነገርኳትም።

እዚህ ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ተጭነን ሆስፒታል ስንደርስ ሲስተሯ ያንን ሁሉ ሰው አይታ፣ አንድ ሴት ብቻ ትግባ አለች። የገቡት እትዬ ዝማም ናቸው። ሥራቸው ቆቡን ከላይ ጫን አድርጎ መያዝና የቀለጠውን ፌስታል መለወጥ ነው። እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜያለሁ። ጉሉኮሱ ጠብ ጠብ ይላል፣ ማራገቢያው ከላይ በዝግታ ይዞራል፣ የትርንጎ ጥርስ በብርድ ይንቀጫቀጫል። ትንሽ ቆይታ ዐይኗን ሳትገልጥ ተናገረች።

«እትዬ ዝማም፣ እኔ ብሞት ምን ይሉ ነበር?»

እትዬ ዝማም አማተቡ። እንዲህ ያለ ነገር በሆስፒታል እንደማይነገር፣ ጠላትሽ ይሙት እንደሚባል፣ ሰይጣን ሰሚ እንደሆነ ነገሯት። ትርንጎ አልተወቻቸውም። «ይህንኑ ስፈራ ነው የከረምኩት። ልስማውና ይውጣልኝ» አለች። እትዬ ዝማም ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ መሬት አየሁ። ከዚያ ቆቡን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ ለአራስ እንደሚያንጎራጉር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ።

እጇ ያረፈበት ፀጉር እያማረ፣
የራሷን ሳትሠራው ቀኑ ተሻገረ።

ብዙ አሉ። ሙሽሮቹን ሁሉ እየጠሩ፣ ትርንጎ ጎንጉና ለወግ ለማዕረግ ያበቃቻቸውን እያነሡ አሉ። ቋንቋውን የማያውቁት ሱዳናውያን ታማሚዎች ዐይናቸውን ከድነው ያዳምጣሉ። ሲስተሯ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «መዲህ ነው?» አለችኝ፤ የነቢዩ ውዳሴ መስሏት ነው። «አዎ» አልኳት። መስኮቱን በመጋረጃ ጋረደች። ከፊሉ ክፍል እንቅልፍ ወሰደው፤ እኔም እንደ ቆምኩ አሸለብኩ መሰለኝ። የነቃሁት በትርንጎ ድምፅ ነው።

«ይህን ሁሉ ከሞትኩ በኋላ ነበር ልትነግሩኝ ያሰባችሁት?» አለች። ሣቋ ሲመጣባት እንባዋም አብሮ መጣ፤ እትዬ ዝማም «ቆቡ! ቆቡ ተነሣ!» እያሉ ራሷን ያዟት።

ያ «ተነሣ» ግን የዚያ ቀን ብቻ አልነበረም። ቆቤ አናቱ ላይ በስፌቱ ምክንያት ሁልጊዜም ጥቂት ቀና ይል ኖሯል። ከዚያ በኋላ ባለው መድኃኒት የአናቷ ፀጉር እፍኝ እፍኝ እየሆነ ወረደ። ዙሪያው ግን ቀረ። ያፈርኩት ማፈር! ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ስፌት ነው የከዳኝ። ትርንጎ መስተዋቱን ወዲያ ወዲህ አድርጋ አየችና «ጋሜ አደረግኸኝ» አለችኝ። ጋሜ በአገራችን ያላገቡ ልጃገረዶች የሚቆረጡት ነው፤ አናቱ ይላጫል፣ ዙሪያው ይቀራል። «እንግዲህ ሽማግሌ ልከህ እንደገና ጠይቀኝ» አለች። ከዚያ ራሷን ገልጣ ግቢው መሐል ተቀመጠችና ሴቶቹን ጠራቻቸው። እነሱም የተረፈውን ዙሪያውን እየተሻሙ ቀጫጭን አድርገው ጎነጎኑላት። ገሚሶቹ እያለቀሱ ነው የሠሩት። እሷ እጃቸው ሲላላ «ጠበቅ አድርጊው» ትላለች እንጂ፣ ለቅሶውን አልከለከለችም።

ማታ፣ ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ፣ አንገረቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። መድኃኒቱ ገና አላለቀም፤ ሐኪሙም ገና ምንም አላረጋገጠልንም። ነፋስ ቢጤ መጥቶ የአዲሱን ሹሩባዋን ጫፍ ያነቃንቃል።

«እትዬ ዝማም የሚሉትን ሰማሁ» አለችኝ። «ጋሽ አያሌው እንኳ ሁለት ስንኝ ሞክረውልኛል። አንተ ግን ምንም አላልክም። ብሞት ምን ልትል ነበር?»

ስንኝ ፈለግሁ። ቤት የሚመታ አጣሁ።

«ምንም አላዘጋጀሁም» አልኳት። «‹አትሂጂብኝ› ነበር የምለው።»

«እሱ ለሞተ ሰው አይሆንም» አለችኝ። «የሞተችው ሄዳለች፤ ‹አትሂጂ› የሚባለው ላለች ነው። በል አሁን በለኝ።»

አልኳት።